ቀይዋ መኪና አፍንጫዋን ስታነሳ

መኪናዋ አትፈታም! ዛሬ ጠዋት ባለቤቷ ራሳቸው ጋራዡ ድረስ መጥተው ለአጎቴ ነገሩት። እኔም ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ ሰማሁና እስከ ክፍል ድረስ በሩጫ መጣሁ። ይህን ለግድግዳ ጋዜጣችን የምጽፈው ትንፋሼ ሳይመለስ ነው።

አጎቴ ነፋስ ስልክ ውስጥ መካኒክ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ባለሁለት በር ቀይ የስፖርት መኪና ሲጠግን ከረመ። ባለቤቷ ዳቦ ቤት ያላቸው አዛውንት ናቸው፤ እሳቸውም "የጎፋን ዳገት ካልወጣች ፈትቼ ዕቃዋን እሸጣለሁ" አሉ። አጎቴ ያን ቀን እራቱን አልበላም።

ባለፈው ቅዳሜ ዳገቱ ሥር ቆምን። ቤንዚን በኩፖን ነውና የያዝነው ለሦስት ሙከራ ብቻ ነበር። እኔ ከአጎቴ ጎን ተቀመጥኩ። ገና ስንነሳ አፍንጫዋ ብድግ አለ።

"ኧረ ልትገለበጥ ነው! ከፊት ጫኑባት!" ብለው አዛውንቱ ጮኹ። አጎቴም ፍሬን ያዘ።

እሳቸው በወጣትነታቸው ጋሪ ነጂ ነበሩ። ጋሪ ደግሞ ጭነቱ ወደ ኋላ ካመዘነ ፈረሱን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። አጎቴ ጠፍቶት አይደለም፤ ሽማግሌ መቃወም ከብዶት አንድ ጆንያ አሸዋ ከፊቷ አሰረ። በሁለተኛው ሙከራ የኋላ ጎማዎቿ እዚያው ተሽከረከሩ፤ ጠጠሩ ሊያይ በተሰበሰበው ሰው ላይ ዘነበ።

"አንድ ጆንያ ጨምር!" አሉ ደግሞ።

እኔ አላስቻለኝም። ስንነሳ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ግንባሬ ከመስታወቱ ሊላተም ምንም አልቀረውም። እኔ ወደ ኋላ ከሄድኩ የመኪናዋም ክብደት ሄዷል ማለት ነዋ! የሚገፏት ደግሞ የኋላ ጎማዎቿ ናቸው። ክብደቱ ሲጫናቸው መሬቱን ይነክሳሉ፤ ከላያቸው ሲነሳ ይንሸራተታሉ።

"ጋሼ፣ አሸዋውን ወደ ኋላ!" አልኩት አጎቴን።

"አንቺ ደግሞ መንጃ ፈቃድ መቼ አወጣሽ?" አሉ አዛውንቱ።

"አባባ፣ የጋሪ ፈረስ ከፊት ነው። የዚችኛዋ ፈረስ ግን ከኋላ ነው።"

"ፈረሱ ከኋላ!" ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከሳቃቸው መሃል ግን "እስቲ ያለችውን አድርግላት" አሉ።

ጆንያው ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛዋ ገባ። አጎቴ ነዳጁን ቀስ አድርጎ ረገጠ፤ በኃይል ቢረገጥ ክብደቱም አያድናትም። አፍንጫዋ ትንሽ ተነሳ፣ ኋላዋ ልትዘል እንዳለች ድመት ዝቅ አለ፣ ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ጫፍ ላይ ደረስን! አዛውንቱ ግን "እናያለን" ብቻ ብለው ሄዱ። ሁለት ቀን በጭንቀት ሰነበትን።

ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ "አትፈታም፤ ልጅቷም የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቿን ታምጣ" ያሉት። ስለዚህ ሁላችሁም ኑ፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ትሳፈራላችሁ። ወፍራም ነን ብላችሁ የምታፍሩ በተለይ እንዳትቀሩ፤ የኋላው ወንበር የእናንተ ነው!