ሙዙን እኔ በላሁት

ትናንት መካኒሳ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ጋሪ የሚገፋ ልጅ ሙዝ አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «ብራዘር፣ ማር ነው፣ ቅመሰው!» አለኝ። «ዞር በልልኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ምን አጠፋ? ምንም። የጮህኩት በሙዙ ነው።

እናቴን ልብም ኩላሊትም ያማታል። አንድ ሰሞን ፉሪ ተከራይተን ነበር፤ ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ። የልቧ ሐኪም ጨው ከለከላት፣ ውኃ በልክ አደረገባት። የኩላሊቷ ሐኪም ደግሞ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ እንዳትነኪ አለቻት። ይሄን ሁሉ የማስታርቀው እንግዲህ እኔ ነኝ፤ ከስምንተኛ ያቋረጥኩት!

የቸርች እናቶች በሽተኛ ባዶ እጃቸውን አይጠይቁም። ሙዝ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ከዚያ ልጠው ያጎርሷታል። እማዬ ደግሞ የሰው እጅ መመለስ አትችልም።

አንድ እሁድ እነሱ እንደወጡ «አቡሽ፣ እግሬ እምቢ አለኝ» አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እጇን ስይዘው ዝልፍልፍ አለ። ባጃጅ ውስጥ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። ልቧ አንዴ ይመታል፣ ከዚያ ዝም። ዝም ሲል የእኔም ትንፋሽ ይቆማል። ባለባጃጁን «ንዳው እንጂ! ሙሽራ የጫንክ መሰለህ?» እያልኩ ስሰድበው እንባዬ ይወርድ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል መርፌ ወግተው መለሷት። ተረኛዋ ሐኪም «ምን በላች?» አለችኝ።

«ሙዝ።»

«ሙዝ ውስጥ ያለውን ፖታሺየም ኩላሊቷ አያስወጣውም። የልቧ መድኃኒትም ያጠራቅመዋል። ሲበዛ ልብ ያቆማል።»

«እና መድኃኒቱን ላቋርጥባት?»

«በራስህ እንዳትነካው! ደሟን እያየን እኛ እናስተካክላለን። አንተ ሙዙን ጠብቅ።»

ጠበቅኩ። እትዬ አስቴር፣ የእናቶቹ ጸሎት ቡድን መሪ፣ ሌሎቹን አስከትለው ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ሲመጡ በር ላይ ቆሜ «ሊገድሏት ነው?» አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። እማዬ ከአልጋዋ ላይ «አንተ ባለጌ! አስገባቸው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋን አለስልሳ «አስቴርዬ፣ ለእኔ ተከልክሏል። እሱ ይብላልኝ፤ እኔ እንደበላሁ ነው» አለች።

እትዬ አስቴር አንዱን ልጠው አጎረሱኝ። «ብላ፣ ምላስህ ትለስልስ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ እያላመጥኩ የእማዬን ደረት አያለሁ፤ ከፍ ዝቅ ይላል?

ክረምቱን ሙሉ የመጣውን ሁሉ እንዲህ በላሁ።

እማዬ ዛሬም አለች፣ ደሟን እያስመረመረች። እትዬ አስቴርም አሁን መዝሙር ብቻ ይዘው ነው የሚመጡት። እኔ ግን በራችን በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የሰው እጅ ነው።