ክብሩ ያለ ሞንታርቦ የጠራበት ቀን

ሀዋሳ ውስጥ ዓመቱን በወር የሚቆጥር አለ፣ በበዓል የሚቆጥር አለ። ክብሩ ግን የሚቆጥረው በኤድስ ቀን፣ በሳንባ ነቀርሳ ቀን፣ በስኳር ሕመም ቀን፣ በሴቶች ቀን፣ በእጅ መታጠብ ቀን ነው። የትኛውም መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ሊያከብር ሲያስብ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። ባጃጁ ጣሪያ ላይ ሁለት ሞንታርቦ ያስራል፣ ማይኩን ከአፉ ያስጠጋል፣ ከፒያሳ ተነስቶ በአቶቴ ዞሮ አዲስ ከተማን ሰንጥቆ ሐይቁ ዳር ሲደርስ፣ ከተማው ነገሩን ወደደም ጠላም ሰምቷል ማለት ነው።

ድምፁ ደግሞ የዋዛ ድምፅ አይደለም። ጎረምሳ ሳለ ለቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ ሕዝብ ሲጠራ ነው የታወቀለት። በተለይ «በዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህን ያህል ጊዜ፣ በሀገራችን ለዚህን ያህል ጊዜ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ደረቱ ይነፋል፤ ቁጥሩን ራሱ የፈጠረው ነው የሚመስለው። ቤቱ ውስጥ ቀን ያልተጻፈበት ካናቴራ የለውም። ባለፈው የዘመድ ሰርግ ላይ ከኮቱ ስር «ሲጋራ ያቁሙ» የሚል ለብሶ ሄዶ፣ ሚስቱ ዮርዳኖስ የኮቱን ቁልፍ ስትቆልፍለት ነው የዋለችው።

ይህን ድምፅ በሕይወቱ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ቢኖር ግን ያለው እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጁ ሩሀማ ገና አፏን ሳትፈታ ማጅራት ገትር ይዟት፣ ነፍሷ ተርፎ ጆሮዋ ቀረ። ዮርዳኖስ ልጅቷን ትምህርት ቤት ስታመላልስ አብራ እየተቀመጠች የምልክት ቋንቋ ተማረች። ክብሩ ግን «እኔ የድምፅ ሰው ነኝ፣ እጄ አይታዘዝልኝም» እያለ ሲያመነታ ልጅቷ አደገች፤ ትምህርቷን ጨርሳ ፒያሳ ስፌት ቤት ገባች። ብላ፣ ና፣ ተኛ፣ ጎበዝ፤ የእሱ እጅ የሚያውቀው ይህችኑ ነው። ሌላውን ዮርዳኖስ ታስተረጉማለች፣ ወይም በስልክ ይጻጻፋሉ። አባትና ልጅ በጣም ይዋደዳሉ፤ ወሬያቸው ግን አጭር ነው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ አንድ መሥሪያ ቤት የምልክት ቋንቋ ቀንን በትልቁ ላክብር ብሎ ተነሳ። ዝግጅቱን የያዘችው ወይዘሪት ፀደይ ለክብሩ ደወለች። እግረ መንገዷንም መድረክ ላይ ንግግር እንድታደርግ የተመረጠችው ሩሀማ መሆኗን ነገረችው። ክብሩ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው። ይህን ሁሉ ዓመት የሰውን ቀን ሲጠራ ኖሮ አንዱ ቀን ዞሮ ዞሮ የእሱ ቤት መጣ! ባጃጁን አጠበ፣ መሪዋ ላይ አደይ አበባ አሰረ፣ ለጎረቤቱም ለተሳፋሪውም «ይሄኛው የኛ ነው» እያለ ሲያወራ ሰነበተ።

በዋዜማው ጠዋት ወጣ። «መስማት የተሳናችሁ ወገኖቻችን!» ሲል ፒያሳ ላይ የቆሙ ታክሲ ጠባቂዎች ዞረው አዩት። «ነገ ጠዋት በአዳራሹ ቀናችሁ ነውና እንዳትቀሩ!» በዚያ ቀን እንዳማረበት በሌላ ቀን አምሮበት አያውቅም። አንድም ሰው አልሳቀም፣ እሱም ልብ አላለም። ስህተቱ የእሱ ብቻ አልነበረም። መሥሪያ ቤቶች አንዴ ያወጡትን ዕቅድ የቀኑን ስም እየቀየሩ ነው የሚሠሩበት፤ በሁሉም ላይ «ቅስቀሳ በድምፅ ማጉያ» የምትል መስመር አለች፤ ከስኳር ሕመም ቀን ተነስታ ማንም ሳይነካት የምልክት ቋንቋ ቀን ድረስ መጣች። በዓይን የሚነበበው ባነርም ለመድረክ ነው ተብሎ አዳራሽ ቀርቷል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሩሀማ ከስፌት ቤቱ ስትወጣ የአባቷን ባጃጅ አየች። እጇን ዘርግታ አስቆመችውና በዓይኗ ምንድን ነው አለችው። እሱ እየሳቀ መጀመሪያ ሞንታርቦውን፣ ቀጥሎ እሷን አመለከታት። ስልኳን አውጥታ ጻፈችና አፍንጫው ስር አደረገችለት።

«አባዬ፣ ማንን ነው የምትጠራው?»

እናንተን ነዋ፣ በሚል ወደ እሷ ጠቆመ። ሩሀማ ሞንታርቦዎቹን አየች፣ አባቷን አየች፣ እንደገና ሞንታርቦዎቹን አየች። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ የባጃጇን ብረት ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ክብሩም መጀመሪያ ደስ ብሏት መስሎት አብሯት ሳቀ። ነገሩ የገባው እየቆየ ነው፤ ሲገባው ግን ፊቱ ጋለ፤ ማይኩን ከመቀመጫው ስር ወሸቀው።

የሩሀማ ሳቅ ሲበርድ ንዴት መጣ። ስትጽፍ ጣቷ ስክሪኑን ይደበድበዋል። አምና ቀኑ በትንሹ ተከብሮ፣ ጓደኞቿን ካናቴራ አልብሰው ከኋላ አስቀምጠዋቸው ነበር። የሚያስተረጉም ስላልነበረ ሲጨበጨብ እያዩ አጨብጭበው ወጡ። ዘንድሮም ቀኑ መኖሩን በቴሌግራም ሁሉም ያውቃል፣ ግን የሚመጣ የለም። «አስተርጓሚ እንኳ ቢገኝ፣ ለሚሰሙ ሰዎች ብቻ ንግግር አላደርግም፤ ከጓደኞቼ ማንም ካልመጣ መድረኩ ላይ አልወጣም።» እንዲህ ብላ ስልኩን ሰጠችው።

ክብሩ ደጋግሞ አነበበው። ሰርግ ቢሆን፣ ምርቃት ቢሆን፣ ሰው ቤቱ ድረስ ካልሄዱለት እንደተጠራ እንደማይቆጥረው ያውቃል፤ እሱ ራሱ በስልክ ብቻ የተጠራበት ድግስ ላይ በኩርፊያ ቀርቶ ያውቃል። እነሱን ደግሞ በሞንታርቦ! በአንድ ጣቱ፣ ፊደል እየፈለገ ጻፈ። «እኔ ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ በእጄ ብጠራቸውስ?»

ሩሀማ እጆቹን አየቻቸው፤ ብዙም ተስፋ የሚጣልባቸው አይመስሉም። ቢሆንም ቀጣሪዋን አስፈቅዳ መጥታ ባጃጇ ውስጥ ገባች።

ከፒያሳ እስከ አዲስ ከተማ ድረስ ትምህርት ነበር። ክብሩ ባጃጇን ዳር ባስያዘ ቁጥር ሩሀማ ታሳየዋለች፤ ነገ፣ ጠዋት፣ አዳራሽ፣ እባካችሁ ኑ። እሱ ሲደግመው ክርኑ አንዴ የባጃጇን ሸራ፣ አንዴ ልጁን ይመታል። እሷ ክርኑን ይዛ ወደ ታች ታወርዳለች፣ እሱ መልሶ ያነሳል። ከኋላቸው ያሉ ባጃጆች ጥሩምባ ቢነፉም ክብሩ ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም፤ እንደ ተማሪ ልጅ ተጨንቆ ነበር።

መጀመሪያ የሄዱት ፍፁም ጋር ነው። ፍፁም መስማት የተሳነው ፀጉር አስተካካይ ሲሆን፣ ቤቱ የጓደኞቹ ሁሉ መገናኛ ነው። በሩ ላይ ያለው ማብሪያ ሲነካ ውስጥ አምፖል ብልጭ ይላል፤ እንግዳ መጣ ማለት ነው። ክብሩ ገብቶ በሁለት እጁ ሰላም አለና ጀመረ። «ነገ» ላይ ደህና ነበር። «አዳራሽ» ላይ ሲደርስ ጣሪያውን ለማሳየት እጁን ወርውሮ መደርደሪያው ላይ ያለውን የአልኮል ጠርሙስ ጠረገው። ጠርሙሱ ተንከባለለ፣ የሚላጨው ሰውዬ ከነአረፋው ብድግ አለ፣ አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ወጣቶች በሳቅ ተንፈራፈሩ። ፍፁም ግን አልሳቀም። ክንዱን አጣጥፎ አየውና ድገመው አለው። ደገመው። አሁንም ድገመው አለው። ላብ እያጠመቀው ደገመው፤ በዚህኛው ሳይሳሳት ጨረሰው። ያን ጊዜ ፍፁም ከሩሀማ ጋር በፍጥነት ተነጋገረ፤ እሷ ለአባቷ ጻፈችለት። «እስከ ዛሬ ቤታችን መጥቶ የጠራን የለም ይላል። እናየዋለን ይላል።»

እናየዋለን ማለት እሺ ማለት እንዳልሆነ ክብሩ ከማንም በላይ ያውቃል። ቢሆንም ደስታው ወጥሮት ነበር። ከዚያ አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ የምትበልት ልጅ ጠሩ፣ አቶቴ ሄደው ባልና ሚስት ጠሩ። የመጨረሻው ቡሹሎ ላይ አትክልት የሚያለሙት ጋሽ አሰፋ ነበሩ። ጋሽ አሰፋ ከልጅነታቸው ጀምረው አይሰሙም፤ ትምህርት ቤትም ደጁን አልረገጡም፤ የሩሀማ የተማረ እጅ ብዙም አልገባቸው አለ። ክብሩ «ና» የምትለዋን የቤቱን የድሮ ምልክት አወጣ፣ የቀረውን በጥቆማ ሞላው። ፀሐይ ስትወጣ አሳየ፣ ባጃጁን አሳየ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ አላቸው። ዝቅ ብሎ ደረቱን ሲነካ ሽማግሌው ሳቁ፤ ጎመን ቀጥፈው አስታቀፉት። ሩሀማ አባቷን እንደ አዲስ ሰው አየችው።

በነጋታው ጋሽ አሰፋን አዳራሽ ሲያደርስ ወይዘሪት ፀደይ በር ላይ ካናቴራና ኮፍያ ታድላለች። ክብሩ ሲያልፍ ለጠራው ሕዝብ ምስጋና አቀረበችለት፤ እሱ ሰላምታ ብቻ ሰጥቷት ገባ። የፊት ወንበሮች በክብር እንግዶች ተይዘዋል፣ መሃሉ በሠራተኛ ተሞልቷል፤ ዘንድሮ መድረኩ ዳር አስተርጓሚ ቆሟል። ከሩሀማ ጓደኞች አንድም የለም። ሩሀማ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ በሩን ታያለች፤ የጻፈችውን ንግግር አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው። ክብሩም በሩን ያያል። የመክፈቻ ንግግር ተደረገ፣ ቀጥሎ ሌላ ንግግር። «የልጄ ንግግር በቃ አበቃለት» አለ በልቡ።

በሩ ተከፈተ። ቀድሞ የገባው ፍፁም ነው፣ ሱፍ ለብሷል። ከኋላው የፀጉር ቤቱ ወጣቶች፣ የአሞራ ገደሏ ልጅ፣ የአቶቴዎቹ ባልና ሚስት፣ እነሱ ደግሞ የጠሯቸው ሌሎች፤ መተላለፊያው እስኪጨናነቅ ገቡ። እርስ በርስ እየተነጋገሩ ስለሚያልፉ አዳራሹ በእጅ ተሞላ። ክብሩ መዝለል አማረው፤ ዕድሜው ይዞት ነው እንጂ ይዘል ነበር። ወይዘሪት ፀደይ የመሃሉን ሠራተኞች ስታስነሳ ቅር ያለው አልነበረም። ሩሀማ ቦርሳዋን ከፈተች።

ጠሪነቱ የታወቀ ነውና ቀጣይዋን ተናጋሪ ሩሀማን እንዲጋብዝ ማይኩን ለክብሩ ሰጡት። ወጣ። ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ፣ ደረቱ ተነፋ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያሉትን ዓይኖች አየ። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከኋላ አንዱ «ድምፅ የለም» አለ፤ ባለሙያው ገመድ ሊነካካ ሮጠ። ክብሩ ሁለት እጁን እስከሚችለው ድረስ ዘረጋና ጠራ። ልጄ። ሩሀማ። ነይ። ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ ጥሪ ነበር፤ ባነሩ ሳይቀር ተነቃነቀ።

እነ ፍፁም እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አርገበገቡ፤ የእነሱ ጭብጨባ ይኸው ነው። ሩሀማ ግን ባለችበት ቆማ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እየሳቀች፣ አንድ ነገር በእጇ አለችው። አዳራሹ ግማሹ በሳቅ ፈነዳ፤ የሚሰማው ግማሽ አስተርጓሚውን ዞሮ አየ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ።

«አባዬ፣ አትጩህ። ሰምቼሃለሁ።»

ክብሩ ክርኖቹን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ትናንት ባጃጇ ውስጥ ክርኑን ስታወርድለት የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው፤ ለካ እጅም ይጮኻል። እንባው እየወረደ፣ በትንሹ፣ በቀስታ፣ እንደገና ጠራት።