የላይ ሰፈር ሰዎች

ከሸጎሌ በላይ፣ ዳገቱ አልቆ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ላይ፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ ጉልላት ይኖራሉ። ስለ አካባቢ ጥበቃ ሳይናገሩ የተመለሱበት ድግስም ለቅሶም የለም። የእድሩ ድንኳን ውስጥ ሐዘንተኛው እንባውን ጠርጎ ሳይጨርስ እሳቸው የአፈር መሸርሸርን ይጀምሩታል። «ተጥሎ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ቦታ ብቻ ነው የሚቀይረው» ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው። ንግግሩ የሚዘጋው ሁልጊዜ በአንድ ወቀሳ ነው፦ ወንዙን ያበላሹት የላይ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ለቀስተኛውም ንፍሮውን እየቆረጠመ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰፈሩ የራሱ ወግ አለው። የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ያን ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ጉድጓድ ሲሞላ ዶፍ ዝናብ ይጠበቃል፤ ጎርፉ ማስገምገም ሲጀምር ቱቦው ይከፈትና ጉዱ ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። ማንም አላየ፣ ማንም አልሰማ። ጋሽ ጉልላትም ይከፍታሉ። ኅሊናቸው ቆንጠጥ ሲያደርጋቸው «የኔ እንኳ ፕላስቲክ የለበትም» ብለው ያስተኙታል። የሳቸው ሥነ ምግባር ዝናብ ሲያባራ ነው የሚጀምረው።

በፍልሰታ ጾም ልጃቸው ሮሐ ልትጠይቃቸው መጣች። ከባሏ ጋር ታች ወንዙ ዳር አትክልት ታለማለች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። አንድ ፌስታል ሙሉ ሰላጣ ይዛለች።

«አባዬ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው ያለማሁት» አለች ደስ ብሏት። «ማዳበሪያ የለ፣ ኬሚካል የለ። ክረምት ክረምት ጎርፉ ማሳው ላይ ይተኛል፤ መሬቱን የሚያዳብረው እሱ ነው።»

እናቷ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሰላጣውን ለቅለቅ አድርገው፣ ሎሚና ቃሪያ ጨምረው አቀረቡ። ጋሽ ጉልላት ቅጠሉን አዩት። ባለፈው ሳምንት በዚያ ዶፍ ካቦርታቸውን ደርበው ቱቦውን ሲከፍቱ ትዝ አላቸው። ዝም ቢሉ ክብራቸው ይተርፋል። ልጃቸው ግን ጠቅልላ ወደ አፏ እየወሰደች ነው። ፈሩ፤ ከልባቸው ፈሩ።

«ተዪው፣ አትብዪው» አሉ።

«ምነው አባዬ?»

«እ... ማለቴ፣ ጥሬ ነው። ወንዙ ንጹሕ አይደለም። የላይ ሰፈር ሰዎች ዝናብ ጠብቀው ሽንት ቤታቸውን ይለቁበታል።» እዚህም ላይ ጣታቸው ወደ ላይ ተቀስሯል።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከሳህኑ የሎሚ ፍሬ እየለቀሙ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ከእኛ በላይ ጅብ እንጂ ሰው የለም፣ ጉልላት» አሉ።

ጣትየዋ ቀስ ብላ ወረደች። ሮሐ አባቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰች።

«ክረምቱን ሙሉ ስበላው ነው የከረምኩት» አለችና ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።