ለጾመኛዋ የተሠራ ጄሊ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ልደት ላይ ከኬኩ ጎን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ተደራርቦ የረጋ ጄሊ ቀረበ። ልጆቹ በማንኪያ ነካ ሲያደርጉት ይርገበገባል፤ እነሱም ይንከተከታሉ። አሁን የምኖርባት የመቲ ከተማ ነፋሻማ ስለሆነች ጄሊ ማርጋት ብዙም አያስቸግርም። የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ጋምቤላ ሙቀት ሄደ።

ጀማሪ አስተማሪ ሆኜ ጋምቤላ ስመደብ የተከራየሁት ማማ ኛማል ግቢ ውስጥ ነበር። ማማ ኛማል ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ፕሮቴስታንት የሆኑ የኑዌር ሴት ነበሩ። በልጅነታቸው ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ካርቱም ኖረዋል፤ ጄሊ መሥራት የተማሩትም እዚያ ነው። ኋላ ጦርነት ለያያቸውና ለብዙ ዓመታት ሳይተያዩ ኖሩ። በዚያ ዓመት ወንድማቸው በፈረንጆቹ ገና እንደሚመጡ ላኩባቸው። ማማ ኛማልም በልጅነታቸው ለገና አብረው ይበሉት የነበረውን ባለ አራት ቀለም ጄሊ ሊያቀርቡላቸው ቆረጡ።

ጄሊ በዚያ ሙቀት ማለት ትዕግሥት ነው። የታችኛው ሳይረጋ ሌላው ከፈሰሰበት ቀለሙ ይደፈርሳል፤ የላይኛው ትኩስ ከሆነ ደግሞ የታችኛውን ያቀልጠዋል። እሳቸው ከፍሪጅ ያወጡትን በጣታቸው ጫፍ ይነኩትና፣ ሳይጣበቅ ሲለቃቸው ብቻ ቀጣዩን በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርገው ያንቆረቁሩታል። ወጥ እንኳ ሳላሳርር መሥራት የማልችለው እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ።

ለሙከራ ከሠሩት ቆርሰው፣ "አንቺ ይሄን ይበላል?" አሉኝ በኮልታፋ አማርኛቸው።

የጄሊውን ዱቄት ፓኬት ገልብጬ አነበብኩ። "ማማ፣ ይሄ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር አለበት። እኛ ደግሞ የገና ጾም ላይ ነን። ግድ የለም፣ የበዓሉ ለት እኔ ሻይ እጠጣለሁ" አልኳቸው።

"ሻይ ምግብ አይደለም" አሉ።

በማግስቱ ከጓሮ የነቀሉትን የካሳቫ ሥር ሲፍቁ አገኘኋቸው። ሙያ በልብ ነው እንዲሉ፣ ምን እንደሚሠሩ አልነገሩኝም። ፍቅፋቂውን በውኃ አሽተው ጨመቁት፤ ውኃው ሲጠል ከሥሩ ነጭ ዱቄት ቀረ። ስኳር ጨምረው አንዱን እጅ በከርከዴ አቀሉት፣ አንዱን በእርድ ቢጫ አደረጉት፣ የቀረውን ነጩን ተዉት። ከዚያ በእንፋሎት አንዱን ሲያበስሉ፣ በላዩ ሌላውን ሲደርቡ ዋሉ። በዓል ደርሶባቸው፣ ወንድማቸው መንገድ ላይ እያሉ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ተከራይ ነበር።

የገናቸው ለት ንጋት ላይ መብራት ሄደ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ፍሪጁን ሲከፍቱ ለወንድማቸው የሠሩት ጄሊ ቀልጦ፣ አራቱም ቀለም ተደባልቆ የክረምት ጎርፍ መስሏል። ወንድማቸው በኢታንግ በኩል መጥተው ደጅ ደርሰዋል። ማማ ኛማል ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ።

የእኔው የካሳቫ ጄሊ ግን በእሳት የጸና ነውና ሙቀቱ ምንም አላለውም። ማማ ኛማል ጠጋ ብለው በለሆሳስ፣ "ይሄ ያንቺ ነው። ለእሱ ከሰጠ፣ አንቺ ይከፋል?" አሉኝ።

"ኧረ ማማ፣ አብረን እንበላዋለን" አልኳቸው። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ሊያስፈቅዱኝ መምጣታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቆረጡና የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ለዓመታት የናፈቋቸው ወንድማቸው ሁለተኛ ሆኑ። እሳቸውም ቀምሰው በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

"ከካርቱም ጄሊ ይበልጣል ይላል" ብለው ማማ ኛማል ተረጎሙልኝ። "ይዋሻል።" እየሳቁ እንባቸው ይወርድ ነበር። የቀለጠውን የጎረቤት ልጆች በብርጭቆ እየተሻሙ ጨረሱት።

ከዚያ ወዲህ በየድግሱ "ጾም ነሽ እንዴ?" ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። አዎ ስላቸው ሳህኑን ወደሚቀጥለው ሰው ያሳልፉታል፤ አልቀየማቸውም፣ ወጉ ነው። በዕድሜዬ መልሴን ሰምተው ካሳቫ መፋቅ የጀመሩት ግን ማማ ኛማል ብቻ ናቸው።