ቁልቁለቱ ላይ የሚጮኸው መኪና

ጉለሌ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። “መኪናዬን መንፈስ ይዞታል” የሚል ደንበኛ ሲመጣ በሆዴ እስቃለሁ፤ መንፈስ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የተላጠ ሽቦ ነው። እኚያ ጡረታ የወጡ መምህርት የመጡ ቀን ግን ሳቁ ቶሎ ለቀቀኝ።

“ልጄ፣ እንጦጦ ማርያምን ስሜ ስመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለው መታጠፊያ ጋ፣ መኪናው ማንም ሳይረግጠው በራሱ ነዳጅ ይሰጣል። ዛሬም ሰጠ፤ ከዚያው መምጣቴ ነው። ባለቤቴ መልስ መስጠት ያቆመው እዚያ ነበር። ከጠበል ስንመለስ አጠገቤ ተቀምጦ። ተኝቷል ብዬ እስከ ቤት ሳወራው መጣሁ።”

ፈርተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“ቢገለብጠኝ ግድ የለኝም። እሱ እየጠራኝ ከሆነ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።”

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰካሁ። ቁልፉ ተከፍቷል፣ ሞተሩ አልተነሣም፣ ነዳጅ መስጫውን የነካ የለም። ምን ያህል እንደተረገጠ የሚያሳየው ቁጥር ባለበት መቆም ነበረበት። ቀስ እያለ ወጣ፤ ከዚያ ወረደ። እንደገና ወጣ። ወደ ኋላ አልኩ፣ አልዋሽም።

የነዳጅ መስጫውን ሴንሰር በቴስተር ለካሁት፤ ደህና ነው። ሽቦውን ተከትዬ የሞተሩ ኮምፒውተር ጋ ደረስኩ፤ ከፊተኛው ተሳፋሪ እግር ፊት ለፊት፣ ምንጣፉ ሥር። ምንጣፉን ስገልጠው ርሷል። ሽቦው የሚሰካበት ሶኬት ጥርሶች አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል።

“እማማ፣ እዚህ ውሃ ፈሷል?”

“ጠበል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወንበሩ ላይና እግሩ ሥር እረጭለታለሁ።”

ያኔ ገባኝ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ውሃው ወደ ፊት ይሄዳል፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ሶኬቱን ያገኘዋል። አደረቅኩት፣ ጠረግኩት፣ ሁለት ሽቦ ቀየርኩ። ቁጥሩ ቀጥ አለ። ነገሩን ሳስረዳቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ የእኔ ነገር። “ታዲያ እሱ አልነበረም ማለት ነው” አሉ።

ለሙከራ እንጦጦ ወጥተን ተመለስን። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ከኋላ ናቸው፤ የፊቱ ወንበር ለማንም አይሰጥም። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሞተሩ ጮኸ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ፍሬን ላይ መሆን የነበረበት የገዛ እግሬ ነዳጁን ረግጦታል። መቼ እንዳዛወርኩት አላውቅም። ደንግጬ አነሣሁት።

እሳቸው ከኋላ እጃቸውን ባዶው ወንበር ላይ አሳርፈው፣ በቀስታ፣ “አለህ እንዴ?” አሉ። “በል እንግዲህ፣ ቤት ልንደርስ ነው።”

እግሬ መሆኑን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።