ቆሞ አደርን ፍለጋ ወደ ግሼ

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት አበባ ፍለጋ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ስነዳ ኖሬ፣ በስተርጅና ለአበባ ብዬ በሰው መኪና መሳፈሬ ለጓደኞቼ የሳምንት መሳቂያ ሆኗል። ይሳቁ። የባለቤቴ የተዋበች ሙት ዓመት እየቀረበ ነው፤ መቃብሯ ላይ የተከልኩትን ሁሉ ደግሞ ውርጭ ፈጀብኝ። ጽጌረዳው ጠቆረ። «ይኼስ ብርድ ይችላል» ብለው የሸጡልኝም ብዙ አልቆየ።

ተዋበች በሕይወት ሳለች ግቢያችን ውስጥ አበባ በደረቀ ቁጥር «ምነው ከአገሬ ቆሞ አደር ባመጣሁ» ትል ነበር። ትነግረኝ እንደነበረው ቅጠሉ ረጅም፣ አገዳው ቀጥ ያለ፣ አናቱ ቀይ ነው። ውርጭ አይጥለውም፤ ሥሩ አንዴ ከያዘ በየዓመቱ ያብባል። አገሯ ግሼ፣ ራቤል አጠገብ ነው። እኔ ያልረገጥኩት አገር የለም እያልኩ ስፎክር፣ ወደዚያ ግን ጭነት ወጥቶልኝ አያውቅም።

ታርማ በር

ጉሙ መንገዱን ውጦታል። የሚኒባሱ ሾፌር ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጠ ይወርዳል። ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም።

«ልጄ፣ በማርሽ ያዘው እንጂ፤ ፍሬኑን ታቃጥለዋለህ።»

«አባባ፣ እርስዎ ይጸልዩልን፤ መንዳቱን ለእኔ ይተዉት» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን ማርሽ ቀነሰ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

መሐል ሜዳ

ገበያ ነበር። ሰዉ ባናውን ደርቦ በግ ይጎትታል፣ ገብስ ይሸጣል። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ የገብስ እንጀራ በሽሮ በላሁ፤ ሽሮው እየፈላ ስለመጣ ምላሴን አቃጠለኝ። ባለቤቲቱን ቆሞ አደር የት እንደሚገኝ ጠየቅኳት።

«ሰው ነው አበባ?»

«አበባ ነው።»

ለተመጋቢዎቹ ጮክ ብላ ጠየቀችልኝ። የሚያውቅ ጠፋ። ውጭ ገብስ የሚሸጡ እናቶችንም አዳረስኩ፤ አንድ እናት «በዚህ አገር እንዲህ የሚባል አበባ የለም» ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። የዚያን ዕለት እዚያው ሳድር ጭንቅ ያዘኝ። የሌለ ነገር ፍለጋ ወጥቼ ባዶ እጄን መቃብሯ ላይ ልቆም ነው አልኩ።

ጓሳ

በማግስቱ ወደ ራቤል የሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። ጓሳ ላይ ጎማ ተነፈሰና ወረድን። ሣሩ በነፋስ ይተኛል ይነሳል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እኛን ከቁብ ሳይቆጥሩ ሣራቸውን ይነጫሉ። ተዳፋቱ ላይ ቀያይ አናት ያላቸው ረጃጅም አበቦች አየሁ። «አገኘሁት» አልኩ። ጓሳ ሕዝቡ የከለለው የሣር ምድር ነውና ጠጋ ስል አንድ ጠባቂ መጣ።

«አባቴ፣ እዚህ አይነቀልም። ሣሩም ቢሆን ሕዝቡ ሲከፍተው ነው የሚታጨድ።»

«አልነቅልም። ስሙን ንገረኝ ብቻ።»

«አሸንዳ።»

«ቆሞ አደር አይደለም?»

«የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ አሸንዳ ነው።»

መኪናው ላይ ተመልሼ ወጣሁ። ለተዋበች መውሰድ የምፈልገው የራሷን አበባ ነው፤ የሚመስለውን አይደለም።

ራቤል

ለመጠየቅ የቀሩኝ የተዋበች ታላቅ ወንድም ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ስልክ አይዙም፤ በመጨረሻ የተያየነውም በተዋበች ለቅሶ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ስለ አበባ የሚጠይቅ የለም። ገብስ ሲከምሩ ደረስኩ። አቅፈው ሳሙኝ፤ ጠላ ቀረበ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ተነስተው ከቤቱ ኋላ ወደ ካቡ ወሰዱኝ። ጓሳ ላይ ያየሁት አበባ ተደርድሮ ቆሟል።

«ይኸውልህ ቆሞ አደር።»

«ጓሳ ላይ አሸንዳ ነው አሉኝ።»

«አሸንዳ ነዋ። አገሩ ሁሉ አሸንዳ ነው የሚለው። ቆሞ አደር ያለችው እናታችን ናት። አንድ ሌሊት ውርጭ ገብሳችንን ጨርሶት አደረ። ጠዋት ወጥታ ብታይ፣ በደጃችን የቆመ ይኸ ብቻ ነው። ‹አንተስ ቆመህ አደርክ› አለችው። ከዚያ ወዲህ በኛ ቤት ስሙ ይኸው ሆነ፤ ጎረቤት እንኳ አይጠራውም።»

ካቡን ተደገፉ። «እናታችን ስታርፍ ስሙ ለእኔና ለተዋቡ ቀረ። ተዋቡ ስትሄድ አብሮ የተቀበረ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ካንተ አፍ ሰማሁት።»

አለቀስኩ። እሳቸውም ዶማ ሊያመጡ ዞር አሉ።

ሥሩን ከነአፈሩ ቆፍረው በማዳበሪያ ጆንያ ጠቀለሉልኝ። «ውኃ የሚተኛበት እንዳትተክለው» አሉኝ፤ ሌላ ምክር አልሰጡም።

ደብረ ብርሃን

ጆንያውን እግሬ ሥር አድርጌ በሰላም ገባሁ። አበባ እንደ ከተማ ስሙን እየጠየቁ የሚደርሱበት ይመስለኝ ነበር። አንዳንዱ ስም ግን ከአንድ ቤት አጥር አይወጣም፤ ያንን ሊያውቅ የሚችለው የቤቱ ሰው ብቻ ነው። ተዋበች የቤቷ ሰው እንዳደረገችኝ ያወቅኩት በዚህ ጉዞ ነው።

መቃብሯ ላይ ስተክለው የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ቆሞ ያየኝ ነበርና ስሙን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ኅዳር ገብቶ ውርጭ በጣለ ማግስት ገና ከበሩ ተቀበለኝ።

«ጋሼ፣ የሌላው ሰው አበባ አልቋል፤ ቆሞ አደር ግን ደኅና ነው» አለኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያውቀው ሁሉ።