የጀልባው ጄኔሬተር ትንፋሽ

ጄኔሬተሩ ድሮ ጣና ላይ የጀልባ ነበር። ጀልባው ጎርጎራ ላይ ሲፈርስ አጎቴ አያ ታከለ ጄኔሬተሩን ገዝተው ወደ ብርዳሙ አምባ ጊዮርጊስ አወጡት። በኋላ ሳንባቸውን ታመው የኦክስጅን ማሽን ሲታዘዝላቸው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የቤተሰቡ ተስፋ እሱ ሆነ። ታዲያ ባዶውን ሲሠራ ደህና ነው፤ ማሽኑ ሲሰካበት ጥቁር ጭስ ይተፋና ቀጥ ይላል።

ኤሌክትሪክ ስለማስተምር ከጎንደር ጠሩኝ። የደረስኩት መብራት ጠፍቶ ነው። ነዳጁን አየሁ፣ ሽቦውን ፈተሽኩ፤ ምንም እንከን አላገኘሁበትም። ጥቁር ጭስ አየር ማነስ ነውና ወደ አየር ማስገቢያው ጎንበስ አልኩ። በጋቢ ቁራጭ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

“ይኼን ማን አሰረው?”

“እኔ ነኝ፤ ምነው?” አሉ የአጎቴ ሚስት እትዬ ጥሩወርቅ። “የቆላ ዕቃ አይደል? የእኛን ብርድ የት ያውቀዋል?”

“እትዬ፣ የሚተነፍሰው እኮ በዚህ ነው።”

“ታዲያ ብርዱስ የሚገባው በየት ሆነና!”

ጨርቁን ፈትቼ ሞተሩን አስነሣሁት። ማሽኑ ተሰካበት፤ ሞተሩ አልጨሰም፣ አልቆመም።

“ሸጋ!” አሉ እትዬ።

የሥራዬን ፍሬ ለማየት አጎቴ ወደተኙበት ክፍል ገባሁ። ማሽኑ በደንብ ይሠራል። አያ ታከለ ግን አሁንም ያለከልካሉ። እስከ ዓይናቸው ድረስ በጋቢ ተጀቡነዋል፤ የኦክስጅኑ ቱቦ ከጋቢው በላይ፣ አፍንጫቸው ይሆናል በተባለበት ቦታ፣ በጥንቃቄ ተቀምጧል።